ከበዓል ማግስት መጋዘኑ ለምን ባዶ ይሆናል? ለሃይማኖት ተቋማት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለሌሎች የእምነት ተቋማት አስተዳደር
ለምግብ እርዳታ ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ የተራቡ ቤተሰቦችን በጋራ ለመመገብ የሚደረገውን ዝግጅት ይመለከታል

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፤ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የተራበ ጎረቤታቸውን በጋራ ለመመገብ ሲስማሙ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባና በንግግር ይጀምራል። እህል መመዘን፣ ማከማቸትና ማከፋፈል የዕለት ሥራችን የሆነ እኛ ግን ከስብሰባው በፊት አንድ ወረቀት እንድታዘጋጁ እንለምናችኋለን። የስጦታ ቀን መቁጠሪያ እንበለው።

ምእመናን በብዛት የሚሰጡት በበዓልና በጾም ወራት ነው። ያን ሰሞን እህሉ ይጎርፋል፣ በጎ ፈቃደኛው ከተመጋቢው ይበዛል፣ ለአንድ ቤት ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ዘይት ይዞ ይመጣል። በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ የሚቀረው የተቀደደ ጆንያና ማንም ያልፈለገው የቆርቆሮ ምግብ ነው። ረሃቡ የሚጠናው ደግሞ ያኔ ነው፤ የቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ሲደራረብ፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ። የተለያየ እምነት ያላቸው ተቋማት ትብብር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለናል። የአንዱ የስጦታ ወር ብዙ ጊዜ ሌላው እጁ ባዶ የሚሆንበት ወር ስለሆነ፣ ተራ በተራ ብትሰጡ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ነገር ይኖራል፤ ሁላችሁም በየበዓላችሁ ብቻ ብትሰጡ ግን ለጥቂት ሳምንታት ጥጋብ፣ ለቀሪው ጊዜ ጾም ይሆናል።

ወረቀቱ እንዲህ ይሠራል። እያንዳንዱ ተቋም በአንድ መስመር 12 ወር ይጽፋል። በየወሩ ሥር ባለፈው ዓመት ምን እንደገባ ይሞላል፤ እህል ከሆነ በኪሎ፣ ገንዘብ ከሆነ በገንዘብ። ከዚያ መስመሮቹ አንዱ ከሌላው በታች ይደረደራሉ። በሁሉም መስመር ባዶ የሆነው ወር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የጋራው መጋዘን የሚቋቋመው ለዚያ ወር ነው። ወረቀቱ ግን አንዴ ተሠርቶ የሚሰቀል አይደለም። የእስልምናው የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት ከክርስቲያኖች ታላቅ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ሌላ ጊዜ በወራት ይራራቃል። የገጠሙበት ዓመት ለመጋዘኑ ከባዱ ዓመት ነው፤ ስጦታው ሁሉ በአንድ ሰሞን ይገባና ቀሪው ጊዜ ይራቆታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሐሳብ ያላቸው ኮሚቴዎች ይሰናከላሉ። «ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ አስገብተን ቀስ እያልን እናከፋፍለው» ይላሉ። አይሆንም። የረመዳን ጾም ሲፈታ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ለተቸገረ ሰው መድረስ ያለበት ነው፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና፣ በዛሬ ልኬት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚገመት እህል ነው። «ለክፉ ቀን አቆዩት» ማለት ሰጪውን ግዴታውን ሳይወጣ ማስቀረት ነው። ከሀብት የሚወጣው የ2.5 ከመቶ ዘካም ተቀባዮቹ በስምንት ወገን ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ ሙስሊም ላልሆነ ሰው መስጠት ይቻላል ወይ በሚለው ላይም ዑለማዎች ይለያያሉ። በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ግን ለማንም ይሰጣል። በክርስቲያኖችም በኩል ለተወሰነ ዓላማ የተሳለ ስለትና አስራት አለ፤ ኮሚቴ ተነሥቶ ዓላማውን ሊቀይረው አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የገንዘቡን ምንጭ ለይቶ ራሽኑን አንድ ማድረግ። የሂሳብ መዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ ይኑር። አንደኛው ለተወሰነ ወገን ወይም ቀን የተሰጠ፣ ሁለተኛው ለማንም እንዲውል የተሰጠ፣ ሦስተኛው በዓይነት የገባ። በአንድ ወር ከዘካ የተገኘው ለ40 ሙስሊም ቤተሰብ ቢውል፣ በዚያ ወር ለማንም እንዲውል የተሰጠው ገንዘብ ለቀሩት 60 ቤተሰቦች ይዞራል። በወሩ መጨረሻ መቶውም ቤት ያገኘው እኩል ኪሎ ነው። ኢማሙም ቄሱም የየራሳቸውን ዓምድ አይተው ለምእመናቸው በእውነት መመስከር ይችላሉ። ይህን ልዩነት መጀመሪያ ቀን ያልጻፈ ኮሚቴ በዓመቱ መጨረሻ ላይ «የእኛ ገንዘብ የት ገባ» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ የሚመልስ ወረቀት የለም።

ቀጥሎ መዝገቡ። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን የችግረኞች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። የሦስት ተቋማትን ዝርዝር ዝም ብሎ መደመር ሁለት ስህተት ያመጣል። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው፤ ባልየው በአንዱ ዝርዝር፣ ሚስቲቱ በሌላው፣ አብረው የሚኖሩት አያት በሦስተኛው ይገኛሉ። ሁለተኛውና የሚብሰው መቅረት ነው፤ የትኛውም ደጅ የማይደርስ ሰው፣ ከሩቅ የመጣ ተፈናቃይ፣ የአልጋ ቁራኛ፣ ከምእመናኑ ጋር ተቀያይሞ የራቀ ሰው በማንም ዝርዝር ላይ የለም። ስለዚህ የጤና ባለሙያና የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሚጠቁሙበት አራተኛ መንገድ ክፈቱ። ክፍል ውስጥ ራሱን የሚስት ልጅ ከየትኛውም ኮሚቴ በፊት በመምህሩ ይታወቃል።

መዝገቡ ላይ የሚቆጠረው ከአንድ ድስት የሚበላው ሰው ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ድስት ካለ ሁለት ቤተሰብ ነው፤ በሦስት ክፍል ተበትነው አንድ ድስት ላይ የሚገናኙት ግን አንድ ናቸው። ዓምዶቹ የካርድ ቁጥር፣ የቤት ኃላፊ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ራሱ መጥቶ መውሰድ የማይችል ሰው፣ የማይበላ ምግብ። ሃይማኖት የሚል ዓምድ አይኑር። ስለ ሃይማኖቱ ለመጋዘኑ የሚያስፈልገው መረጃ «የማይበላ ምግብ» በሚለው ውስጥ አለ፤ ዘካውን የምትለየውም መስጊዷ ናት፣ በካርድ ቁጥር፣ በራሷ ወረቀት። የጋራ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሃይማኖት በክፉ ቀን በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ቤት ለቤት ማጣሪያው ላይ ከሁለት የተለያዩ ተቋማት የመጡ ሁለት ሰዎች አብረው ይሂዱ። አንዱ ብቻ ከሄደ የራሱን ሰው ያውቃል፣ ያዝናል፣ ይጨምራል፤ ክፋት ኖሮበት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ሲሄዱ ጥያቄው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ፣ እህል ስንት ቀን ይበቃችኋል፣ ለምግብ ብላችሁ ምን ሸጣችሁ።

አሁን ወደ ኪሎው። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። የተለመደው የደረቅ ራሽን በሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም አልሚ ዱቄት፣ 15 ግራም ስኳርና 5 ግራም አዮዲን ያለው ጨው ነው። አልሚ ዱቄትና ስኳር ከሌለ የቀሩት 1,800 ገደማ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ «ሙሉ ራሽን ሰጠን» ከማለታችሁ በፊት አስሉት። 5 ሰው ላለበት ቤት ለ30 ቀን 60 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 3.75 ኪሎ ወይም 4 ሊትር ገደማ ዘይት፣ 750 ግራም ጨው ይሆናል። መቶ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ በወር 60 ኩንታል እህል፣ 9 ኩንታል ጥራጥሬና ከ400 ሊትር በላይ ዘይት ማለት ነው። አቅማችሁ የዚህ ግማሽ ከሆነ ግማሹን ለመቶው ስጡ ወይም ሙሉውን ለ50ው፤ ግን የቱን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ ጽፋችሁ ለጥፉ። የማይጻፍ ምርጫ ሐሜት ይወልዳል።

ስፍር ላይ የሚጠፋውን እህል ሰው አይገምተውም። ሰፋሪው አዝኖ ጣሳውን በየቤቱ 5 ከመቶ ብቻ ከፍ አድርጎ ቢሞላ ከ60 ኩንታል ውስጥ 3 ኩንታል ይሄዳል። ያ የአምስት ቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት አምስት ቤቶች ባዶ ጆንያ ይዘው ይመለሳሉ። በጣሳ መስፈር ግድ ከሆነ አፉን በቀጥ ያለ እንጨት መላጨት፣ በየ20 ቤቱ አንዱን መልሶ በሚዛን መመዘን። ሚዛኑ ራሱ ጠዋት ጠዋት ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ይፈተን። በመሬት ላይ ለሚፈሰውና ከጆንያ ለሚያንሰው 2 ከመቶ መጠባበቂያ ያዙ።

መጋዘኑን በተመለከተ አንድ ቶን በጆንያ ያለ እህል 2 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ለመቶው ቤት 7 ቶን ያህል ስለሚሆን፣ መተላለፊያውን ጨምሮ 4 በ5 ሜትር የሆነ ደረቅ ክፍል ይበቃል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቆ ይደርደር። ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ጆንያ ርጥበት ይስባል፤ ከጀርባው አይጥ ቤት ትሠራለች፣ ማንም አያያትም።

የምእመናን ስጦታ ከብዙ ቤት የሚመጣ ስለሆነ አንዱ እርጥብ ጆንያ ሌላውን ያበላሻል። የርጥበት መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም በጨው ይታወቃል። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን እህል፣ ላዩ ላይ ደረቅ ጨው ጨምሩ፤ ከድናችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነቅንቁት፣ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 ከመቶ በላይ ውኃ አለው፤ ፀሐይ ሳይመታው አይከማች። የሻገተ በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ በማብሰል አይጠፋም። «ለድሃ ምን አለበት» ብሎ አጥቦ መስጠት አይገባም፤ ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ፣ ይወገድ።

ነቀዝ ሲገባ ኮሚቴዎች የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ከገበያ ገዝተው በጆንያው መሀል ይጥላሉ። ይህን አጥብቀን እንከለክላለን። ክኒኑ ርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። የሃይማኖት ተቋማት መጋዘን ብዙ ጊዜ ከጸሎት ቤት፣ ከጥበቃ ማደሪያ ወይም ከተማሪዎች ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጋዙ በስንጥቅ አልፎ የተኛ ሰው ይገድላል። የሠለጠነ ባለሙያ ካልተገኘ እህሉን ማናፈስ፣ ማስጣትና ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት ይሻላል። በየጆንያው ዓይነት ቢን ካርድ፣ ማለትም የገባና የወጣው የሚመዘገብበት ካርድ፣ ይንጠልጠል፤ ቁልፉ ከአንድ ተቋም፣ ቢን ካርዱን የሚሞላው ከሌላ፣ የወሩን ቆጠራ የሚያደርገው ከሦስተኛው ይሁን።

የማከፋፈያው ቀን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ባይሆን ይመረጣል፤ የየእምነቱ የጸሎት ቀን ናቸውና። በሁለት ጠረጴዛ 100 ቤት በ4 ሰዓት ለማዳረስ በሰዓት 25 ቤት ብቻ በካርድ ቁጥር ጥሩ፤ ሁሉንም ጠዋት አንድ ላይ መጥራት ለግፊያና ለፀሐይ ነው። 60 ኪሎ እህል አንዲት አሮጊት ተሸክማ አትሄድም፤ ለተሸካሚ የምትከፍለው ከዚያው እህል ነው። ራሽኑን በወር ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ወይም በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን ለሸክም ማሰለፍ ከምንም ንግግር የበለጠ ይጠቅማታል። ያልተፈጨ እህል ከሆነ የወፍጮም ወጪ እንዲሁ ነው፤ የወፍጮ ገንዘብ ወይም ተጨማሪ እህል ይታሰብ። የተፈጨ ዱቄት በበኩሉ ቶሎ ይመርራል፣ ለወራት አይቀመጥም።

ከክፍፍሉ በፊት ስብከት፣ ዝማሬ፣ መንዙማ፣ የሃይማኖት ጽሑፍ ማደል አይኑር። በ1994 እ.ኤ.አ. በቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄና በረድኤት ድርጅቶች የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ሦስተኛ አንቀጽ እርዳታ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንደማይሆን ይደነግጋል። ከደንቡም በላይ ሌላ ምክንያት አለ፤ የተራበ ሰው «አሜን» ቢል ማመኑ ነው መራቡ? የሰጪው ተቋምም ይህን ማወቅ አይችልም። የተቀባይን ፊት ፎቶ ማንሣትም እንዲሁ ይቅር፤ ለለጋሾች ሪፖርት የጆንያውና የቢን ካርዱ ፎቶ ይበቃል።

የበሰለ ምግብ የምታቀርቡ ከሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ ድስት አለ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና አልኮል የሌለበት። በሕንድ የተጀመረው የሲክ እምነት ተከታዮች 500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረው ላንጋር በሚባለው ነጻ ማዕዳቸው ሥጋ የማያቀርቡት የየትኛውም እምነት ተከታይ አብሮ መሬት ላይ ተቀምጦ እንዲበላ ነው፤ ሐሳቡን ለመዋስ አትፈሩ። ሥጋ ሲገባ ማን አረደው፣ በምን ድስት ተሠራ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ድስቱና ጭልፋው ቀለም ተቀብቶ ይለይ፤ አንድ ቀን ሥጋ የነካ ጭልፋ ሲገኝ የወራት አመኔታ ይፈርሳል። የታሸጉ ስጦታዎችን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጄላቲን፣ የእንስሳት ስብ፣ የወተት ዱቄት ብስኩትና ሾርባ ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ።

ለ200 ሰው አንድ ምግብ 20 ኪሎ ሩዝ፣ 10 ኪሎ ምስር፣ 3 ኪሎ ዘይትና 600 ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ የ50 ሊትር ድስት ሦስት። ለአንድ ሰው 670 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይደርሳል፣ የቀኑ ሲሶ ማለት ነው። የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ የተረፈው ሩዝ ነው፤ መፍላት የማይገድለው ባክቴሪያ በትልቅ ድስት ውስጥ ለሰዓታት ለብ ብሎ በሚቆይ ሩዝ ይራባል። የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቅ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቃዛ ይሁን፤ ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ የተረፈውን አታሳድሩ፣ ያኑ ዕለት አድሉ።

በጾም ወራት ኩሽናው የቀን ምግቡን አይዝጋ። ለጿሚው ማታ፣ ለሕፃናት፣ ለሕሙማንና ለሌሎች ቀን ይቅረብ። እኛ ልንሠራው የማንችል፣ እናንተ ብቻ የምትችሉት ሥራም እዚህ አለ። የተጎዳች ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት የእኛን ምክር ሰምታ አትበላም፤ ኃጢአት ይመስላታል። እስልምና ለታመመና ለመንገደኛ፣ እንዲሁም ለራሷ ወይም ለልጇ ለምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ፈቅዷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ለሕሙማንና ለሕፃናት ያቀላሉ። ይህን ጾሙ ሳይገባ በዐውደ ምሕረትና በኹጥባ ብትናገሩት ብዙ ኪሎ እህል የማይሠራውን ይሠራል።

ከስጦታው ውስጥ የማትቀበሉትም አለ፤ የሕፃናት የዱቄት ወተት። በቆሸሸ ውኃ ሲበጠበጥ ተቅማጥ ያመጣል፣ የእናት ጡትም ያደርቃል፤ ገበያውን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ሲጫኑ ጎድጉደው ከቀሩ፣ ያ ልጅ የኩሽናችሁ ጉዳይ አይደለም፤ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለውም ይላክ።

በመጨረሻም አንድ የማንግባባበት ነገር። ገበያው እህል ሞልቶት ሰው የሚራበው ገንዘብ አጥቶ ከሆነ፣ እህል ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ አከማችቶ ከመስጠት ገንዘቡን መስጠት ወጪው ያንሳል። ብዙ ምእመን ግን እህል ሲሰጥ እንጂ ገንዘብ ሲሰጥ የሰጠ አይመስለውም። ከእኛም ውስጥ ለገንዘብ የሚከራከሩና ለእህል የሚከራከሩ አሉ። የሁላችንም ልመና ገበያውን በየሁለት ሳምንቱ እየዞራችሁ ዋጋ እንድትመዘግቡ ነው፤ ዋጋው ራሱ የትኛው እንደሚሻል ይናገራል።

ለመጀመሪያው ስብሰባ የ12 ወሩን ወረቀት፣ ሃይማኖት የሌለበትን የመዝገብ ቅጽና ከየተቋሙ አንድ አንድ ቁጥር የማይፈራ ሰው ይዛችሁ ብትመጡ፣ ሚዛኑን እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በእርዳታ እህል ምዘና፣ ክምችትና ክፍፍል ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች